ስም ማግኘትና ስም መጥራት፦ «የምድረ ባሕር ጠቢብ» ስለተባለው ልብ ወለድ የአንባቢ አስተያየት

ዘንዶ፣ አስማትና መንፈስ የሚተረክበት ልብ ወለድ የልጆች መጫወቻ እንጂ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚሆን ቁም ነገር የለበትም የሚል አስተያየት በመካከላችን በብዛት ይሰማል። ይህን የሚሉት ሰዎች ምክንያት የላቸውም ለማለት አይቻልም። እንዲህ ካሉት መጻሕፍት ብዙዎቹ ጀግናው ሰይፉን መዝዞ ክፉውን ሲገድል የሚያልቁ ስለሆኑ፣ አንባቢው ክፋት ሁልጊዜ በሌላ ሰው ዘንድ እንደሚገኝ አምኖ መጽሐፉን ይዘጋል። ዳሩ ግን ዛሬ ለአንባቢ የማቀርበው መጽሐፍ፣ ለወጣቶች የተጻፈ ቢሆንም፣ መንገዱ የተለየ ነው። በመጨረሻው ገጹ የሚሞት ጠላት የለም፤ የሚጠራ ስም ብቻ አለ። ይህም እንዴት እንደሆነ፣ ለእኛ ለተማሪዎችስ ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

፩. ስለ መጽሐፉና ስለ ደራሲዋ

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ «ኤ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ» ይባላል። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ከተማ፣ ፓርናሰስ ፕሬስ በተባለ አሳታሚ ነው። «ዊዛርድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ብልህ ወይም ዐዋቂ ከሚለው ቃል የወጣ ስለሆነ፣ እኔ «የምድረ ባሕር ጠቢብ» ብዬ መልሼዋለሁ። «ጠንቋይ» ብለው ኖሮ ቃሉ በእኛ ዘንድ የሚያስከትለው ንቀት ታሪኩን ገና ከሽፋኑ ባበላሸው ነበር።

ደራሲዋ ወይዘሮ ኡርሱላ ለጉዊን እ.ኤ.አ. በ1929 እዚያው በበርክሌይ ተወልደው በ2018 በፖርትላንድ ከተማ ዐርፈዋል። አባታቸው አልፍሬድ ክሮበር የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ባህልና ቋንቋ ያጠኑ ስመ ጥር የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። እናታቸው ቴዎዶራ ክሮበርም ደራሲ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት መጽሐፍ የኢሺን ታሪክ ጽፈዋል። ኢሺ ያሂ ከተባለው ሕዝብ ብቻውን የቀረ ሰው ነው። ወገኖቹ በሠፋሪዎች እጅ ከተጨፈጨፉ በኋላ ለብዙ ዘመን ተደብቆ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ወጣ፤ በ1916 ሞተ። በወገኖቹ ሥርዓት ሰው የራሱን ስም ለባዕድ አይናገርምና፣ እውነተኛ ስሙን ሳይገልጽ ወደ መቃብር ወረደ። «ኢሺ» የሚለውን መጠሪያ የሰጡት ክሮበር ናቸው፤ ትርጓሜውም በሰውየው ቋንቋ «ሰው» ማለት ነው። ደራሲዋ ኢሺን አላዩትም፤ የተወለዱት እሱ ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ ነው። የሆነ ሆኖ፣ ስም ተጠብቆ የሚያዝ ሀብት መሆኑ በሚታወቅበት ቤት ማደጋቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እፈልጋለሁ።

፪. የታሪኩ አካሄድ

ምድረ ባሕር በሰፊ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ደሴቶች አገር ነው። ከደሴቶቹ አንዷ በሆነችው በጎንት፣ በአንድ የተራራ መንደር፣ እናቱ በጨቅላነቱ የሞተችበት የአንጥረኛ ልጅ አለ። በሰባት ዓመቱ፣ አክስቱ ፍየል የምትጠራበትን ቃል ሰምቶ ቢደግመው ፍየሎቹ ሁሉ መጥተው ከበቡት። በ12 ዓመቱ ደግሞ የካርግ ወታደሮች መንደሩን ሊዘርፉ ሲመጡ፣ ጉም ጠርቶ አገሩን ሰወረ። ወሬውን የሰሙት ጠቢቡ ኦጊዮን መጥተው የእውነት ስሙን ሰጡት፤ ስሙም ጌድ ነው። (ከእኛ «ገድ» ጋር ድምፁ ቢመሳሰልም ዝምድና የለውም።) በሕዝብ መካከል ግን የሚጠራው «ጭልፊት» እየተባለ ነው።

መምህር ኦጊዮን ኃይላቸውን ያለ ቦታው የማያወጡ፣ ዝምታን የሚወዱ ሰው ናቸው። ሌላው ጠቢብ ዝናብ ሲመጣበት ደመናውን ወደ ጎረቤቱ ይገፋል፤ እሳቸው ግን ዛፍ ሥር ተጠልለው እስኪያባራ ይጠብቃሉ። ልጁ ይህን ዐይነት ትምህርት አልታገሠውም። ቶሎ ታላቅ መሆን ስለፈለገ፣ የጠቢባን ትምህርት ቤት ወዳለባት ወደ ሮክ ደሴት ሄደ።

በሮክ ሁለት ሰዎች አገኘ። አንደኛው ቬች፣ ከምሥራቅ ደሴቶች የመጣ ቅን ልጅ ሲሆን ወዳጁ ሆነ። ሁለተኛው ጃስፐር፣ ከባላባት ቤት የተወለደ ንግግር ዐዋቂ ሲሆን ባላንጣው ሆነ። ከጃስፐር አንዲት ፈገግታ ጌድን እንደ እሾህ ትወጋዋለች። አንድ ሌሊት በፉክክር ብዛት፣ ጌድ ከሺህ ዓመት በፊት የሞተችውን እመቤት ኤልፋራንን ከሙታን ጠርቶ ለማሳየት ፎከረ፤ ጠራትም። ነገር ግን በተከፈተው ቀዳዳ አንድ ቅርጽ የሌለው ጥላ አብሮ ወጣና ፊቱን ቦጫጨቀው። የትምህርት ቤቱ አለቃ ኔመርል ቀዳዳውን ሲዘጉ ኃይላቸው አልቆ ሞቱ። ጌድ ለብዙ ወራት ታሞ ሲነሣ ፊቱ ጠባሳ፣ አንደበቱ የተሳሰረ፣ በኃይሉ የሚፈራ ሌላ ሰው ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የጥላው ማሳደድ ነው። ጌድ ይሸሻል፤ ጥላው ይከተላል። በመጨረሻ ወደ መጀመሪያ መምህሩ ወደ ኦጊዮን ተመልሶ ምክር ሲጠይቅ፣ መምህሩ ፊቱን አዙሮ አሳዳጁን እንዲያሳድድ መከሩት። እሱም ፊቱን ባዞረ ጊዜ ጥላው መሸሽ ጀመረ። ከቬች ጋር በትንሽ ጀልባ እስከ ዓለም ዳርቻ ተከታትሎ ደረሰበት። እዚያ ጥላው የአባቱን፣ ቀጥሎም የጃስፐርን፣ ከዚያም የሌሎች ሰዎችን መልክ እየለዋወጠ ቀረበው። ጌድ ግን አልተታለለም፤ ስሙን ጠራው። ስሙም «ጌድ» ነበር። ጥላውም በዚያችው ቅጽበት ያንኑ ስም ጠራ፤ ሁለቱም አንድ ሆኑ። ቬች ወዳጁ የተሸነፈ መስሎት ሊረዳው ቢሮጥ፣ ያገኘው ያላሸነፈም ያልተሸነፈም፣ ነገር ግን ሙሉ የሆነ ሰው ነው።

፫. አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው

የምድረ ባሕር ጥበብ መሠረቱ አንድ ነው፤ የነገሩን እውነተኛ ስም ያወቀ በነገሩ ላይ ሥልጣን አለው። ስለዚህ ማንም ሰው እውነተኛ ስሙን ሕይወቱን ለሚያምነው ካልሆነ በቀር አይገልጽም። ቬች ለጌድ እውነተኛ ስሙን የገለጸለት፣ ጌድ በተዋረደበትና ሁሉ በራቀው ሰዓት መሆኑ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ስጦታዎች ሁሉ ትልቁ ነው።

ይህን የሚያነብ የውጭ አገር ሰው ሐሳቡን እንደ እንግዳ ነገር ይቀበለው ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ሊደነቅ የሚገባው ቋንቋው ራሱ ይህን ሐሳብ በመያዙ ነው። በግዕዝ «ስም» ለብዙ ሲሆን «አስማት» ይሆናልና፣ አስማት ማለት በቀጥታ ስሞች ማለት ነው። በክታብ ላይ የሚጻፉት ኅቡኣት ስሞች በዚሁ ቃል ይጠራሉ። በክታቡም ላይ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል፤ ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ የሚሰጠው ስም ማለት ነው። ያንን ስም ብዙ ሰው በየአደባባዩ አይናገረውም፤ ክፉ ሰው ካወቀው ይጎዳኛል የሚል ፍርሃት ስላለ ነው። ወይዘሮ ለጉዊን ይህን ከእኛ ወሰዱ ማለቴ አይደለም። ሰው በተለያየ አገር ስለ ስም ተመሳሳይ ነገር ማሰቡን ማመልከቴ ነው።

ቋንቋችን ሌላም የሚያሳየን ነገር አለ። በአማርኛ «ስም» ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ መጠሪያ ነው፤ ሁለተኛው ዝና ነው። «ስም አገኘ»፣ «ስሙ ተጠራ»፣ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ስንል የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። እንግዲህ የጌድን ታሪክ በእነዚህ ሁለት ትርጉሞች ማጠቃለል ይቻላል። ልጁ የወደቀው ስም ለማግኘት ሲሮጥ ነው፤ የዳነው ስሙን በጠራ ጊዜ ነው። እንግሊዝኛውም ቢሆን ስምን ለዝና ይጠቀምበታል፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ ቃሉ አስማትንም ጭምር ስለሚያዋስን ሦስቱ ነገሮች በአንድ ሥር ተሳስረው ይታያሉ።

፬. የጥላው ነገር

ጥላው ምንድር ነው? የሮክ አለቃ የሆኑት የኔመርል ተተኪ፣ ጥላው ስም የሌለው ነገር ነው ይላሉ። ኦጊዮን ግን ስም የሌለው ነገር የለም ይላሉ። የመጽሐፉ ክርክር በእነዚህ በሁለቱ ሊቃውንት መካከል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ጌድ የጥላውን ስም ከሌላ አፍ የመስማት ዕድል ሁለት ጊዜ አጋጥሞታል። በመጀመሪያ፣ የደሴት ሰዎችን ከዘንዶ ለማዳን ወደ ፔንዶር በሄደ ጊዜ፣ ዬቮድ የተባለው ዘንዶ ስሙን ልንገርህ ብሎ ተደራደረው። ጌድ ግን የመጣው ለሕዝቡ ደኅንነት ስለሆነ፣ የራሱን መዳን ትቶ ዘንዶው ወደ ሰዎቹ ደሴቶች እንዳይመጣ አስማለው። ሁለተኛ፣ በኦስኪል አገር በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ የታሰረ ጥንታዊ ኃይል ያለበት ድንጋይ አለ፤ እመቤቲቱ ድንጋዩን ጠይቀው፣ ይነግርሃል አለችው። እሱ ግን ክፉ ኃይል ከሚያገለግለኝ ይልቅ እኔን ባሪያው እንደሚያደርገኝ ዐውቆ እምቢ አለ። ከእነዚህ ሁለት ትዕይንቶች የምንረዳው፣ ይህ ስም በግዢም በስጦታም የማይገኝ መሆኑን ነው። ባለቤቱ ራሱ ካልተናገረው አይሠራም።

በእኛ አገር ነገር ሁሉ አልሳካ ያለውን ሰው «ዓይነ ጥላ አለበት» እንላለን። በዚህ አነጋገር ጥላው ከውጭ የመጣ፣ በጸሎትም በመድኃኒትም ከሰውየው ላይ የሚባረር ነገር ነው። በሌላ በኩል ግን ግርማ የሌለውንና የማይከበረውን ሰው «ጥላ ቢስ» እንለዋለን። ይህ አባባል ደግሞ ጥላ የሌለው ሰው ጎዶሎ መሆኑን ይመሰክራል። ጌድ የመጽሐፉን እኩሌታ የተጓዘው በመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ ጥላው ከእኔ ይራቅ እያለ ይሸሻል። የደረሰው ግን በሁለተኛው ነው። እስከሸሸ ድረስ መንገዱን የሚመርጥለት ጥላው ነበር። ወዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደማያድር፣ ለማን እንደማይቀርብ የሚወስነው እሱ አልነበረም። የፍርሃት ባሪያ ማለት ይህ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መታለፍ የለበትም። ሌላ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ጃስፐርን በመጨረሻ አምጥቶ ያስቀጣው ነበር፤ አንባቢም ደስ ይለዋል። ወይዘሮ ለጉዊን ግን አላደረጉትም። ጃስፐር ከሮክ ወጥቶ ይሄዳል፤ ታሪኩም ጥሎት ያልፋል። ጥላው የጃስፐርን መልክ ለብሶ በመጣ ጊዜም ጌድ «ይህን ያደረገብኝ እርሱ ነው» አላለም። ጃስፐር አሾፈ፤ ጌድ ግን ቀዳዳውን ከፈተ። በጥፋታችን ላይ የሌላ ሰው መልክ እየለጠፍን ለምንኖር ሁሉ ከዚህ የበለጠ ከባድ ተግሣጽ በወጣቶች መጽሐፍ ውስጥ አላነበብኩም።

፭. የሮክ ትምህርት ቤትና የእኛ ጉዳይ

ስለ ሮክ ትምህርት ቤት የተጻፈው ክፍል ተማሪ የሆነን አንባቢ ሁሉ የሚነካ ነው። ተማሪዎቹ በአንድ ገለልተኛ ግንብ ውስጥ የነገሮችን ስም ያጠናሉ። በየቀኑ የሚሰጣቸው ረጅም ዝርዝር እኩለ ሌሊት ሲሆን ቀለሙ ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል፤ እስከዚያ ያላጠናው አለፈበት። ከፈተና በፊት ያለውን ሌሊት የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሳይስቅ አያነበውም። ደራሲዋ ግን በጥናቱ ላይ አላፌዙም። ያ አሰልቺ ዝርዝር ከዘንዶው ፊት በቆመ ጊዜ ጌድን አድኖታል፤ የዘንዶውን ስም ያገኘው በጥንታዊ ታሪክ ካጠናው ተነሥቶ ገምቶ ነውና።

እንግዲህ መጽሐፉ የሚወቅሰው ዕውቀትን ሳይሆን ዕውቀትን ለብልጫ መፈለግን ነው። አንድ መምህር ለጌድ ድንጋይን ዕንቍ አስመስሎ ማሳየትና ድንጋይን በእውነት ዕንቍ ማድረግ የተለያዩ መሆናቸውን ያስረዱታል። አንዲት ጠጠር ብትለወጥ እንኳ የዓለም ሚዛን ይነካልና፣ ጠቢብ የሚያደርገው ነገር ምን እንደሚያስከትል ሳያውቅ እጁን ማንሣት የለበትም። ደራሲዋ የቻይናን የታኦ ፍልስፍና የሚወዱና ታኦ ቴ ቺንግን በእንግሊዝኛ ያዘጋጁ ሰው ስለሆኑ፣ ይህ የሚዛን ሐሳብ ከዚያ ጋር ቅርብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የመሰጠኝ የመመረቂያው ፈተና ነው። ወደ ሮክ የሚገባ ተማሪ በበሩ ላይ የራሱን እውነተኛ ስም መናገር አለበት። ለመውጣት ደግሞ የበረኛውን መምህር ስም ማወቅ ይገባዋል። ጌድ ቀኑን ሙሉ ቢያስብ፣ ይህን ሊቅ የሚያስገድድም የሚያታልልም ጥበብ እንደሌለው ተረዳ። በመጨረሻ ሄዶ ኃይሉም ብልሃቱም እንደማይበቃ ገልጾ፣ ስምዎ ማን ነው ብሎ ጠየቃቸው። መምህሩም ፈገግ ብለው ነገሩት፤ በሩም ተከፈተ። ስም ለማግኘት ሲል ሙታንን የጠራ ልጅ፣ አላውቅም ብሎ መጠየቅን የተማረበት ቀን የተመረቀበት ቀን ሆነ። ብዙዎቻችን በክፍል ውስጥ ያልገባንን ነገር ባለመጠየቅ አራት ዓመት ልናሳልፍ እንችላለን። የምንፈራው የባልንጀራችንን ፈገግታ ነው፤ ያም የጃስፐር ፈገግታ ነው።

፮. ስለ መልክና ስለ ሴቶች

አንባቢው ጥቂት ገጾች ከሄደ በኋላ የሚያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ጌድ እንደ መዳብ ቀላ ያለ ጠይም ነው፤ ቬች ጥቁር ነው፤ ነጮቹ ወራሪዎቹ ካርጎች ናቸው። መጽሐፉ የወጣው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት በ1968 መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ደራሲዋ ስለዚህ አልሰበኩም፤ ጀግናው እንዲህ ነው ብለው ብቻ አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ለቴሌቪዥን የተሠራው ፊልም ጌድን ነጭ ባደረገው ጊዜ ግን በአደባባይ ተቃውመው ጽፈዋል።

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም አልልም። ሴት በሮክ ትምህርት ቤት አትገባም። የመንደር ሴቶች ጥበብ በሰው ሁሉ አፍ የተናቀ ነው፤ ጌድን በመጀመሪያ ያስተማረችውም አክስቱ ናት፤ ታሪኩ ግን ቶሎ ይረሳታል። ጌድን ከሚያስቱት መካከል ሴት አለች። እህቶቻችን ይህን ሲያነቡ ቅር ቢላቸው እውነት አላቸው። ለደራሲዋ ክብር የሚሆነው ግን ጉድለቱን ራሳቸው ማየታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት «ተሃኑ» በተባለው መጽሐፍ ወደዚያው ዓለም ተመልሰው፣ ጌድን ኃይሉን ያጣ ተራ ሰው አድርገው፣ የታሪኩን ማዕከል ለአንዲት መበለትና በእሳት ለተቃጠለች ሕፃን ሰጥተዋል። ጌድ ለጥላው ያደረገውን ደራሲዋ ለገዛ መጽሐፋቸው አደረጉት ማለት ይቻላል።

፯. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው፣ ይህ መጽሐፍ ተረት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። የተማረ ሰው ኃይል አለው፤ ኃይሉም ያለ ጥላ አይመጣም። የተማረ ሰው ጥፋቱ ሲገለጥ የሌላ ሰው ስም መጥራት ይቀልለዋል፤ ቋንቋ ያውቃልና ምክንያት አያጣም። ጌድ ያደረገው ግን አንድ ቃል መናገር ነው፤ ያም ቃል የራሱ ስም ነው። በማዕርግ ከተመረቀው ሰው ይልቅ ይህን ቃል ሊናገር የሚችል ሰው ለአገር ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መጽሐፉን ለሚያነቡና በየማደሪያ ክፍሉ ለሚወያዩ ባልንጀሮች የሚከተሉትን ጥያቄዎች አቀርባለሁ፦

ሀ. ኔመርል የሞቱት በጌድ ጥፋት ነው። ትምህርት ቤቱ ግን አላባረረውም። ይህ ፍርድ ትክክል ነው ትላላችሁ?

ለ. ጌድ የሚሞተውን የጀልባ ሠሪ ወዳጁን ሕፃን ለማዳን እስከ ሙታን አገር ተከትሎታል፤ ሊመልሰው ግን አልቻለም። ይህ ሙከራ እመቤት ኤልፋራንን ከጠራበት ድፍረት የሚለየው በምንድር ነው?

ሐ. ቬች ባይኖር ኖሮ ጌድ ብቻውን የጥላውን ስም ሊጠራ ይችል ነበርን?

ሦስተኛውን ጥያቄ በበኩሌ አይችልም ብዬ እመልሳለሁ። ሰው የራሱን ስም ለመጥራት የሚደፍረው፣ ስሙን በክፉ ቀን ያልነሣው አንድ ወዳጅ በጀልባው ውስጥ ሲኖር ነው።